ይውረድ

በ1994 ዓ.ም ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣ በኋላም አላቆመም። በኮቸሬ ተራሮች ላይ ቡናው ሳይበስል ከነቅርንጫፉ ጠቆረ። የተረፈው ለገበያ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ወድቆ ጠበቀው። ከፍስሐ ገነት እስከ ገደብ ብዙ ሰው እሸቱን ለቅሞ ከመሸጥ ዛፉ ላይ መተዉን መረጠ። በየቤቱ ከእንሰት በቀር የሚበላ ጠፋ። ዲላ ላይ ሱቆች ተዘጉ። አዲስ የሚከፍት ስላልነበረ ታፔላ የሚያጽፍም አልነበረም። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃል፤ ስለ ቡናው ሳይጠያየቅ ይለያያል።

ታፔላ ጸሐፊው ፈይሰል በዚያ ወቅት የቀባው አፅም ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የአፅሞቹን ሳጥን ታቅፎ ከቤቱ ወጣ። እንዳይጋጩበት በመካከላቸው ጥጥ ጎዝጉዟል። በሸሚዙ ቀኝ ኪስ አንድ የክብሪት ቀፎ አለ፤ በግራ ኪሱ ሌላ። በሁለቱም ቀፎዎች ውስጥ አንድ አንድ የፕላስቲክ ንጉሥ ተኝቷል። ሠራዊቱ የሚያስፈልገው ግን አንድ ንጉሥ ብቻ ነው። የትኛውን ጠረጴዛው ላይ እንደሚያቆም ፈይሰል ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ አልወሰነም ነበር። የቀኙን ካቆመ ዕለቱ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ያልፋል። የግራውን ካቆመ የገሪማ ነገር ያበቃል።

ገሪማ የቡና ነጋዴ ነው። ከዓመታት በፊት ኮቸሬ ውስጥ ሬኮ ከሚባለው ቦታ ቡና ሊገዛ የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ሁለት ሳጥን መጫወቻ ይዞ መጣ። በአንዱ ሳጥን ሰይፍና ጋሻ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ በሌላው ሰይፍና ጋሻ የያዙ አፅሞች። ሁሉም ፕላስቲክ ናቸው፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው በማስመሪያ እየለኩ ያራምዷቸዋል፤ ዳይ የሚባለውን ባለ ነጥብ ጠጠር እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ፈረንጁ ጨዋታውን ለገሪማና ለጭነት መኪናዎች ባለቤቱ ለባህሩዲን አስተማረና ሳጥኖቹን ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ነጋዴዎች በየዓመቱ፣ የመኪናውን ነገር ከመነጋገራቸው በፊት፣ አንድ ቀን ይጫወታሉ። ባህሩዲን መኪናዎቹን ለገሪማ የሚያሰማራው በቃል ነው። ቃል ደግሞ የሚሰጠው ከርሞ ለሚገኝ ሰው ነው።

ሰዎቹ የባህሩዲን ናቸው፤ ገና ድሮ አዲስ አበባ ልኮ አስቀብቷቸዋል። የገሪማ አፅሞች ግን ግራጫ እንደሆኑ፣ ግማሾቹም ሳይገጣጠሙ ኖሩ። ፈረንጁ ያልተቀባ አይዋጋም የሚል ሕግ ትቶ ሄዶ ነበር። ያንን ሕግ ዘንድሮ ባህሩዲን አስታወሰ። ገሪማም ፈይሰልን አስጠራው።

«ና አፅሙ» አለው፤ «ዘመዶችህን ቀባልኝ።»

ዲላ ፈይሰልን የሚያውቀው አፅሙ ብሎ ነው። ታፔላ ሊያጽፍ የመጣ ሰው እንኳ «የአፅሙ ቤት የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙን ያወጣለት ገሪማ ነበር።

ያኔ ፈይሰል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ታይፎይድ ጥሎት ከርሞ መነሳቱ ነበር። ጀሚሊያን ሊጠይቁለት ሽማግሌዎች ከአባቷ ዘንድ ሄደው፣ አባትየው አስብበታለሁ ብሏቸው ተመልሰዋል። ፈይሰል ለድግሱ የሚሆን ሥራ ፍለጋ ወደ ገሪማ መጋዘን ሄደና ሸክም ጠየቀ። ገሪማ አየውና ሳቀ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ሆዱ ከእሱ ተለይቶ ይስቃል።

«ይሄ አፅም ነው ጆንያ የሚሸከመው? መጀመሪያ እሱ ይመዘን!» አለ።

ጫኝና አውራጆቹ በብብቱ ሥር ገመድ አዙረው ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀሉት።

በመጋዘኑ ሥርዓት ጆንያ ሲሰቀል ሚዛን አንባቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ቀጥሎ «ይውረድ» ይላል። ይህን ቃል ካላለ ንባቡ አላለቀም፤ የሻጭም ይሁን የገዢ ሰው ጆንያውን አይነካም። ገሪማ «አርባ አንድ!» ብሎ ጠራ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ገሪማ «ይውረድ» ሳይል ሄዶ በርሜል ላይ ተቀመጠና የሻዩን ብርጭቆ አነሳ። ቀስ እያለ፣ እፍ እያለ ጠጣ። ፈይሰል ገመዱ እንዳዞረው ይዞር ነበር። አንዴ ሲዞር በሩ ላይ ቡና ሊያስመዝን የቆመውን የጀሚሊያን አባት አየ። እንደገና ሲዞር በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አባትየው ለሽማግሌዎቹ «ልጄን ለአፅም አልድርም» አላቸው። ጀሚሊያ ለገደብ ሰው ተዳረች። ፈይሰል ብሩሽ ያዘ፤ ሌላ ሴት አልጠየቀም።

አሁን ሳጥኑን ታቅፎ በጭቃው ዳር ዳር ሲሄድ የሚያስበው ስለ ጀሚሊያ አልነበረም። ፊቷን ከረሳው ቆይቷል። የሚያስበው ስለ ሻዩ ነበር።

የአፅሞቹ ሥራ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ይህን አይክድም። ክፍሎቹን ከፕላስቲክ ፍሬማቸው በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠ አወጣቸው። የፋብሪካውን ጠርዝ በምላጭ ፋቀላቸው። ክንድን ከትከሻ፣ ራስን ከአንገት በሱፐር ግሉ አጣበቀ፤ ጣቶቹ አብረው እየተጣበቁ አስቸገሩት። እያንዳንዱን በቢራ ቆርኪ ላይ አቆመው፤ የቆርኪውንም ውስጥ በሬኮ ቀይ አፈር ሞላው። የታፔላ ቀለም ለእነዚህ ይወፍራል፤ በቤንዚን አቀጠነው። ብሩሹን ከጥጃ ጆሮ ጠጉር አሰረ። ከሰዓት ሠሪው የማጉያ መነፅር ተዋሰ።

አጥንት ነጭ ሲቀባ ግን አጥንት አይመስልም፤ ኖራ ይመስላል። ብዙ ቀን ተቸገረ። በመጨረሻ ጥቁር ቡና እንደ ሬንጅ እስኪወፍር አፈላና ጠብታ ኮላ ጨመረበት። ነጩን አፅም በዚያ ቡና አጠበው። ቡናው ከፍ ካለው አጥንት ላይ ወርዶ በጎድኖቹ መሃል፣ በዓይኑ ጉድጓድ፣ በመንጋጋው ሥር ተጠራቀመ። ሲደርቅ አፅሙ የሞተ ሰው ሆነ። ፈይሰል መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። የመቅበሪያ አፈር የሸተተው መሰለው።

የሚሠራው በገሪማ መጋዘን በረንዳ ላይ ነበር፤ ገሪማ ሥራውን በየቀኑ ማየት ፈለገ፤ ማታ ፈይሰል ሳጥኑን ይዞ ቤቱ ይገባል። በየቀኑ በበሩ ብቅ እያለ «እንዴት ናቸው ወንድሞችህ?» ይላል። በዚያ ወበቅ ካፖርት ይለብሳል፤ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። ለጠየቀው ሁሉ «ወባ ናት፤ ብርድ ብርድ ትለኛለች» ይላል። ካፖርቱ አመድማ ነው። ከአዝራሮቹ አንዱ ጠፍቶ የገሪማ ሚስት ሙሉዓለም ቀይ አዝራር ተክታበታለች። ከተማው በዚያ ቀይ አዝራር ከሩቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈይሰል ብሩሽ ማጠቢያ ውኃ ፍለጋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ገሪማ ራቁት ጀርባውን ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሙሉዓለም በሹራቡ ትከሻና ደረት ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቀች ትሰፋለች። ያ ትልቅ ሰው የለም። የጀርባው አጥንት ከአንገቱ እስከ ወገቡ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሯል፤ የትከሻው አጥንት ቆዳውን ሊቀድ ደርሷል። ፈይሰል አልደነገጠም። ዓይኑ ሥራ ለምዶ ነበርና፣ ቡናው ቢፈስበት የት የት እንደሚጠራቀም አየ።

ሙሉዓለም ቀና ብላ አየችው። ገሪማ ዘወር አላለም።

በማግስቱ ምሳ ይዛለት በረንዳው ላይ መጣች። በዚያ ቤት አፅሙ ብላ ጠርታው የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

«ፈይሰል፣ ያየኸውን አላየህም» አለችው።

«እሺ እትዬ።»

«ሐዋሳ ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ያማረውን ስጪው ብሎ ሸኘን። ምን ብሎ እንደሸኘን ገብቶሃል።» መሶቡን አስተካከለች። «ባህሩዲን መኪናዎቹን ይስጠን እንጂ ያለውን ቡና አዲስ አበባ አደርሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል። መታመሙን ከሰማ ግን አንድ ጎማ አያንቀሳቅስም። ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ማልልኝ አልልህም። አንተ ሰው ነህ።»

ምሳውን በላ። ጣፋጭ ነበር። እሷ መሶቡን ይዛ ስትገባ ፈይሰል ከሳጥኑ ግርጌ የተረፈ አንድ አፅም አወጣ፤ ሌላውን ንጉሥ የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ጀመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ታቅፎ መጋዘኑ ሲደርስ ጠረጴዛው መሃል ላይ ተዘርግቶ አገኘው። ከላይ፣ ከጣሪያው ወጋግራ፣ ያው የጥንቱ ሚዛን ተንጠልጥሏል። በጥግ ያሉት ጆንያዎች ጥቂት ነበሩ። ጫኝና አውራጆቹ ሥራ ስለሌላቸው ጨዋታውን ሊያዩ በሩ ሥር ተሰብስበዋል። ገሪማ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፈይሰል አፅሞቹን አንድ በአንድ አወጣና በየረድፋቸው አቆማቸው። ሙሉዓለም ሻይ ይዛ ዞረች፤ ለፈይሰልም ቀድታ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችለት።

ባህሩዲን የሰዎቹን ሳጥን ይዞ ገባ። ቀጭን፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ነው። ሰዎቹን በጠረጴዛው ማዶ አሰለፈና ጎንበስ ብሎ አፅሞቹን በየተራ ተመለከተ።

«ማሻአላህ!» አለ። «እነዚህማ እውነት ሊበሉኝ ነው።»

«የዘመድ እጅ ነዋ» አለ ገሪማ። «አፅምን ከአፅም በቀር ማን ያውቀዋል?»

ጫኞቹ ሳቁ። ፈይሰል የመጨረሻውን ረድፍ አስተካከለ። ይህ ሳቅ አዲስ አልነበረም። ቀኝ እጁ ወደ ቀኝ ኪሱ ሄዶ ነበር። ዘውድ የጫነው ንጉሥ እዚያ ነው፤ ፋብሪካው እንዳበጀው፣ በደንብ የተቀባ። ሙሉዓለም ከግድግዳው ሥር ቆማ እጁን ታያለች።

ገሪማ ግን ዕለቱ ደስ ብሎታል። ባህሩዲን መጥቷል፣ ሠራዊቱ ተቀብቷል፣ ካፖርቱ ተቆልፏል። ሰው ደስ ሲለው ከሚያወራው ወሬ አንዱን አነሳ።

«ባህሩዲን፣ ይሄን ሰውዬ ሰቅዬ መዝኜው እንደማውቅ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«ስንት ጊዜ!»

«እዚሁ ሚዛን ላይ። ሠላሳ ስምንት ኪሎ! ከነጫማው!»

«አርባ አንድ» አለ ፈይሰል።

ሁሉም ዞረው አዩት። ስለዚያ ቀን ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም።

«አርባ አንድ?» አለ ገሪማ። ትንሽ ያሰበ መሰለ። «እሺ፣ አርባ አንድ ይሁን። ሦስቱን ኪሎ ጀሚሊያ ይዛበት ሄዳ ነዋ!»

ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ባህሩዲን ሳይቀር ሳቀ፤ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ፈይሰል ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። እጁን ከቀኝ ኪሱ አወጣ።

«ንጉሡስ የታለ?» አለ ባህሩዲን።

ፈይሰል ከግራ ኪሱ የክብሪቱን ቀፎ አወጣና ከፈተ። ንጉሡን በሠራዊቱ መሃል አቆመው። ቆርኪው ጠረጴዛውን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

ንጉሡ ዘውድ የለውም። ከሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት በኮላ ተነክሮ የተሠራ ካፖርት ለብሷል፤ ካፖርቱ አመድማ ነው። ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ይታያል። ሦስቱም ከፊት ተከፍተዋል፤ በተከፈተው በኩል ጥጥ ብቅ ብቅ ብሏል። ከጥጡ ወዲያ ጎድን አለ፤ በጎድኖቹም መሃል የደረቀ ቡና። ከአዝራሮቹ አንዱ ቀይ ነው።

«ጋሼ ናቸው!» ብሎ አንዱ ጫኝ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

ባህሩዲን ንጉሡን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ካፖርቱን አየ፤ ጥጡን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ገሪማ ካፖርት አዞረ። ከቀዩ አዝራር ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ አንገቱ ሄደ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆየ። ነጋዴ ነው፤ ሲያይ ያያል።

«ገሪማ፣ ካፖርትህን አውልቅ እስቲ» አለ ለስለስ ብሎ። «ይሞቃል።»

«ወባ ይዞኛል አልኩህ እኮ።»

«አውልቅ። አንተ ሳትመዝን ጆንያ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«ባህሩዲን፣ በአላህ» አለች ሙሉዓለም።

አላያትም። ንጉሡን ቦታው ላይ መለሰው።

ገሪማ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ንጉሡን ተመለከተ። ከዚያ ፈይሰልን ተመለከተ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቀዩን አዝራር ፈታ። ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ሌላውን ሹራብ አወለቀ። ጥጡ በጭብጥ በጭብጥ እየሆነ መሬት ላይ ወደቀ። ከሥሩ የወጣው ሰው ከሸሚዙ ውስጥ የጠፋ ሰው ነበር። ከጫኞቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

ገሪማ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ሚዛኑ ሥር ቆመ።

«ስቀሉ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ስቀሉ አልኩ! ባህሩዲን ሊገዛኝ ነው፤ ክብደቴን ይወቅ!»

ጫኞቹ ገመዱን አመጡ። በብብቱ ሥር ሲያዞሩት እጃቸው ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን ወደ መሬት አደረጉ። ባህሩዲን ሊያነብ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አንተ ተቀመጥ» አለው ገሪማ። «ፈይሰል ያንብብ። ያኔ እኔ ነበርኩ ያነበብኩት።»

ፈይሰል ስሙን ከዚያ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ገሪማ ስሙን የማያውቀው ይመስለው ነበር። ያውቀዋል፤ ሁሉንም ያውቃል። ይህን ሲረዳ ደረቱ ውስጥ ለስለስ ያለ ነገር የሚመጣ መሰለውና ጠበቀ። አልመጣም።

ገመዱ ተሳበ። የገሪማ እግር ከመሬት ለቀቀ፤ አንዱ ጫማ ወልቆ ወደቀ። መርፌው ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ፈይሰል ቀረብ ብሎ አየው። ቸኩሎ አላነበበም።

«አርባ ሦስት!» አለ፤ ድምፁ ጣሪያውን መታው።

«በለጥኩህ» አለ ገሪማ ከላይ። ሊስቅ ሞከረ፤ ትንፋሹ አልደረሰለትም።

ማንም አልሳቀም። ፈይሰል ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ያ የጥንቱ ሳቅ ከአንድ ቦታ ይነሳል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ከጫኞቹ፣ ከበሩ፣ ቢያንስ ከባህሩዲን። ባህሩዲን ሰዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ሳጥናቸው ይመልስ ነበር። ሳጥኑን ከደነና ብብቱ ሥር አደረገው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሙሉዓለምን ተሰናብቶ ወጣ። ከውጭ የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ ወደ ፍስሐ ገነት መንገድ ሲያቀና ድምፁ ጠፋ።

ገሪማ በገመዱ ላይ ቀስ ብሎ ይዞር ጀመር። ፊቱ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ በሩ ዞረ። ገመዱ ብብቱን እየቆረጠው ነበር። ጫኞቹ የገመዱን ጫፍ እንደያዙ ፈይሰልን ያያሉ። አንባቢው ቃሉን አላለም።

«ፈይሰል» አለች ሙሉዓለም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ይውረድ በል።»

ፈይሰል ወደ በርሜሉ ሄደ። ተቀመጠ። ያስቀመጠችለት ሻይ ሳይነካ እዚያው አለ።

«አንተ ሰው! ይውረድ በል!»

ብርጭቆውን አነሳ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ቢሆንም እፍ አለበት፤ ቀስ ብሎም ጠጣው።